ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ትምህርት ቤት ሲታቀድ ማን ተጠየቀ?

አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። ለመሆኑ የአንድ ሰፈር ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ሲዘጋ ወይም ወሰኑ ሲቀየር ባለቤቱ ማን ነው? ሕንፃውን የሠራው መንግሥት ነውን? ዕቅዱን የነደፈው ባለሙያ? ወይስ ልጁን በማለዳ ቀስቅሶ የሚልከው ወላጅ? ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአገራችን ይህንን ጥያቄ የዘነጋ አንድ የትምህርት ዕቅድ ለካቢኔ መውደቅ አንዱ ምክንያት ሆኗል። እኛ ዛሬ በምንኖርባት በአትላንታ ደግሞ ሕዝብን መጠየቅ ራሱ የፖለቲካ መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል መሆኑን አንስተውም። ሆኖም ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ማየት በስደት ላለነውም ሆነ በአገር ቤት ለሚገኙ ወገኖቻችን ይጠቅማል ብለን እናምናለን። የአሜሪካውን ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ታሪክ በራሳችን አቆጣጠር አቅርበናል።

ሕዝብ የተጠየቀበት የጆርጂያ ሸንጎ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕፃናትን በቆዳ ቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ የወሰነው ሜይ 17 ቀን 1954 ነበር። የጆርጂያ ገዢዎች ግን ውሳኔውን አልተቀበሉትም። እንዲያውም ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን አንድ ላይ ለሚያስተምር ትምህርት ቤት የሚሰጠው የመንግሥት ገንዘብ እንዲቋረጥ የሚያዝ ሕግ አወጡ። በ1958 የአትላንታ ጥቁር ወላጆች የከተማዋን የትምህርት ቦርድ ከሰሱ፤ በ1959ም ዳኛ ፍራንክ ሁፐር ለወላጆቹ ፈረዱ። አገረ ገዢው ኧርነስት ቫንዲቨር በበኩላቸው አንድም ጥቁር ልጅ ከነጭ ልጅ ጋር እንደማይማር በምርጫ ቅስቀሳቸው ቃል ገብተው ነበር። ስለዚህ የቀራቸው ምርጫ ወይ ትምህርት ቤቶቹን መዝጋት፣ ወይ ቃላቸውን ማጠፍ ብቻ ሆነ።

ከዚህ አጣብቂኝ መውጫ መንገዱን የቀየሱት፣ ኋላ በፕሬዚዳንት ካርተር ዘመን የፍትሕ ሚኒስትር የሆኑት ግሪፊን ቤል ነበሩ። መላው «ሕዝቡን እንጠይቅ» የሚል ነበር። በ1960 መጀመሪያ 19 አባላት ያሉት ኮሚሽን ተቋቋመና የአትላንታው ጠበቃና የባንክ ሰው ጆን ሲብሊ ሊቀ መንበር ሆኑ። ኮሚሽኑ በማርች ወር በአሥሩም የኮንግረስ ምርጫ ወረዳዎች ሸንጎ ዘረጋ። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ቄሱ፣ የወላጆች ማኅበር ተወካዩ፣ ጥቁሩም ነጩም እየቀረበ ተናገረ። በጠቅላላው ወደ 1,800 የሚጠጉ ሰዎች መሰከሩ።

ለምስክሮቹ የቀረበው ጥያቄ ምን ነበር? እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል እንሻለን። የቀረቡት ምርጫዎች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው፣ ትምህርት ቤቶቹ ቢዘጉም እንኳ ፍጹም መለያየቱ ይቀጥል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሕጉ ተሻሽሎ እያንዳንዱ አካባቢ ለራሱ ይወስን የሚል ነው። ጥቁር ወላጆች የሚፈልጉት፣ ፍርድ ቤቱም ያዘዘው እኩልነት ግን ከምርጫዎቹ ውስጥ አልነበረም። ጥያቄውን የቀረጸ ሰው የመልሱን ግማሽ አስቀድሞ ጽፎታል ማለት ነው።

ከምስክሮቹ ከአምስቱ ሦስቱ ያህል ፍጹም መለያየትን ደገፉ። ኮሚሽኑ ግን ኤፕሪል 28 ቀን 1960 ያቀረበው የአብላጫው ሪፖርት ከዚህ የተለየ ነበር። በ11 ለ8 ድምፅ ውሳኔው ለየአካባቢው እንዲተው መከረ። ታዲያ የብዙኃኑ ድምፅ ወደ ጎን መተዉ በደል ነበርን? አልነበረም። የአንድ ሕፃን መብት በጎረቤቶቹ እጅ ማውጣት ሊነሣ አይችልምና። ሕዝብን መጠየቅ ትምህርት ቤቱ የት ይሠራ፣ አውቶቡሱ በየት ይለፍ፣ ምን ይቅደም ለሚሉት ጉዳዮች መልካም መንገድ ነው። የሌላውን ልጅ ሰብአዊነት ለማጽደቅ ወይም ለመሻር ግን ሥልጣን የለውም።

ኦገስት 30 ቀን 1961 ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች አራት የአትላንታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሰላም ገቡ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲም ከተማዋን በአደባባይ አመሰገኑ። ነገር ግን ለመዛወር ያመለከቱት ከመቶ በላይ ሲሆኑ፣ በፈተናና በቃለ መጠይቅ ተጣርተው የገቡት እነዚያ ዘጠኙ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነጭ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ፈለሱ። በ1973 ክርክሩ በመሪዎች ድርድር ተቋጨ። ጥቁሮች አሎንዞ ክሪምን የመሰለ የትምህርት ሥርዓቱን የሚመራ የመጀመሪያ ጥቁር ኃላፊና የአስተዳደር ሥልጣን አገኙ፤ በልዋጩም ተማሪዎችን በአውቶቡስ እያመላለሱ የማደባለቁ ጥያቄ በአብዛኛው ተተወ። ብሔራዊው የጥቁሮች መብት ማኅበር ስምምነቱን አውግዞ የአትላንታ ቅርንጫፉን አገደ። የድሃ ሰፈር ወላጅ በዚያ ድርድር ምን ያህል ተሰምቶ ነበር የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አከራካሪ እንደሆነ ኖሯል።

ማንም ያልተጠየቀበት የአገራችን ጥናት

አሁን ወደ አገራችን እንሻገር። በ1964 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአገሪቱን ትምህርት ከሥር መሠረቱ የሚመረምር ጥናት አስጀመረ። ይህ በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» እየተባለ የሚጠራው ነው። የትምህርት ሚኒስቴርና የዩኒቨርሲቲው ምሁራን፣ ከዓለም ባንክና ከዩኔስኮ ጭምር የመጡ የውጭ ባለሙያዎችም ተሳተፉበት። ጥናቱ በዚያው ዓመት ማብቂያ ተጠናቀቀ።

ፍርደ ገምድል ላለመሆን የጥናቱን በጎ ጎን መመስከር ይገባናል። በዚያን ጊዜ ከአምስት የኢትዮጵያ ሕፃናት አራቱ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም ነበር። ጥናቱ ለሁሉም ሕፃን ቢያንስ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ፤ ትምህርቱም ከገበሬው ኑሮ ጋር ይዛመድ አለ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ለተረሳው ገጠር ያሰበ ዕቅድ ነው።

ችግሩ ያለው ከአራት ዓመት በኋላ በሚሆነው ላይ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዕድል ይገደባል ተባለ። ድሃው አባት ይህንን የተረዳው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ «የእኔ ልጅ ከአራተኛ ክፍል ወደ ሞፈሩ ይመለስ፣ የመኳንንቱ ልጅ ወደ ላይ ይውጣ ማለታቸው ነው» አለ። መምህሩ ደግሞ የክፍሉ ተማሪ ይበዛል፣ ደመወዜ ባለበት ይቀራል ብሎ ሰጋ። ሥጋታቸው ሙሉ በሙሉ ትክክል ነበር ወይ ብሎ መከራከር ይቻላል። ሆኖም ጥናቱ ካለቀ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ለሕዝብ ሳይገለጽ በመቆየቱ፣ ሕዝቡ ሰነዱን ሳይሆን ወሬውን አነበበ። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበርም አባላቱ እንዳልተማከሩ በምሬት ተናገረ። በየክፍሉ ጠመኔ ይዞ የሚውለውን ሰው ሳይጠይቁ ስለ ክፍሉ መወሰን ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ዕቅዱ በ1966 ዓ.ም. ይፋ ሲወጣ አገሪቱ በወሎ ረኃብ፣ በነዳጅ ዋጋ መናርና በነገሌ ቦረና ወታደሮች አመፅ ትናጥ ነበር። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም አድማ መቱ፤ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። መንግሥት ዕቅዱን ለማስቆም ቢገደድም ጊዜው አልፎ ነበር። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

አብዮቱን ያመጣው የትምህርት ዕቅድ ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን የብዙ ባለሙያዎች ድካም የፈሰሰበት፣ በጎ ሐሳብም የነበረበት ሥራ፣ ወላጅና መምህር ባለመጠየቃቸው ብቻ ጠላት ሆኖ መታየቱ መራራ ትምህርት ነው። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከመከራው ማን ተማረ?

ቀጥሎ የመጡት ገዢዎች ተማሩን? ደርግ በ1967 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲውንና የከፍተኛ ክፍሎችን ተማሪዎች ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲያዘምት ትእዛዝ እንጂ ጥያቄ አላቀረበም። ኢሕአዴግ ሥልጣን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1985 ዓ.ም.፣ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባረሩ። አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የወጣው በዓመቱ፣ በ1986 ዓ.ም. ነው። ሊጠየቁ የሚገባቸው ሰዎች በር ከተዘጋባቸው በኋላ የሚወጣ ፖሊሲ እንዴት የሕዝብ ሊባል ይችላል?

የመምህራን ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በግንቦት 1988 ዓ.ም. ታስረው ስድስት ዓመት ያህል በወኅኒ ቆዩ። የማኅበሩ ባለሥልጣን አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ደግሞ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ የ«ፕላዝማ» ትምህርት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ እየሮጠ ሲያስተምር መምህሩ ከተማሪው ጋር ተመልካች ሆነ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። ይህ እንደሚሆን ለማወቅ የአንድ ወረዳ ርእሰ መምህርን መጠየቅ ይበቃ ነበር።

እኛስ ስንጠየቅ?

እስከ አሁን ገዢዎችን ወቀስን። አሁን ፊታችንን ወደ ራሳችን እናዙር።

በአትላንታ አካባቢ የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን የምንኖረው በዲካልብ ካውንቲ፣ በክላርክስተንና በአጎራባቾቿ ነው። እዚህ አገር የትምህርት ቤት ወሰን ሲከለስ ለወላጆች መጠይቅ ይላካል፣ ስብሰባም ይጠራል። የአትላንታ ትምህርት ቦርድ ከእንዲህ ያለ ጥናትና ውይይት በኋላ በኤፕሪል 2012 ሰባት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ወስኗል። በ2025 ደግሞ አትላንታም ዲካልብም የተማሪ ምደባንና የሕንፃ አጠቃቀምን የሚመለከት ጥናት ሲያካሂዱ የወላጆችን አስተያየት ጠይቀዋል። ባዶ ወንበር የበዛበት ትምህርት ቤት የመዘጋት ዕጣ በሚወጣበት ጊዜ፣ መጠይቁን ሞልቶ የሚልክና ስብሰባውን የሚሞላ ሰፈር ይሰማል፤ ዝም ያለ ሰፈር እንደተስማማ ይቆጠራል።

ስንቶቻችን ያንን ወረቀት ሳናነበው ጥለነዋል? «እንግሊዝኛዬ አይበቃም»፣ «ዜጋ አይደለሁም»፣ «የሌሊት ሥራ አለብኝ» የሚሉት ምክንያቶች በየቤታችን አሉ። ሆኖም በጆርጂያ የመራጮች ይሁንታ ሲያገኝ ለትምህርት ቤት ግንባታ የሚሰበሰበውን የአንድ ሳንቲም የሽያጭ ግብር፣ ዕቃ የገዛ ሁሉ ይከፍለዋል፤ ስደተኛው ታክሲ ነጂም እንዲሁ። የቋንቋውም ጉዳይ ቢሆን በሕግ የታሰበበት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ክስ፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ ርዳታ ሳይሰጡ ማስተማር መብቱን መንፈግ መሆኑን የወሰነው ጃንዋሪ 21 ቀን 1974 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 13 ቀን 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የአገራችን መምህራን «አልተጠየቅንም» ብለው ሥራ ሊያቆሙ አንድ ወር እንኳ አልቀራቸውም ነበር። ዛሬ ወላጅ አስፈላጊ የትምህርት ቤት መልእክት በሚገባው ቋንቋ እንዲደርሰው የመጠየቅ መብት አለው። አባቶቻችን የተነፈጉትን ጥያቄ እኛ በእጃችን ይዘን ካልመለስነው፣ በደሉን በራሳችን ላይ ደገምነው ማለት ነው።

ይህ ነገር አገር ቤትንም ይመለከታል። በትግራይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተካሄደው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፤ እጅግ ብዙ ሕፃናትም ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። መልሶ መገንባቱ ሲመጣ የመንግሥት ባለሥልጣን፣ የውጭ ለጋሽ፣ በስደት ያለው የልማት ማኅበርም የየራሱን ዕቅድ ይዞ መሄዱ አይቀርም። ከዚያ በፊት ግን የሚጠየቅ ሰው አለ። በክረምት የትኛው ወንዝ ሞልቶ ልጆችን እንደሚያግድ እናት ታውቃለች። ልጃገረዶች በየትኛው መንገድ መሄድ እንደሚፈሩ እነርሱ ራሳቸው ያውቃሉ። የተበተኑት መምህራን የት እንዳሉ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት ያውቃል።

ሁለቱ ታሪኮች የሚያስተምሩን እንግዲህ ይህንን ነው። መጠየቅ ከዕቅዱ በፊት እንጂ ካለቀ በኋላ አይሁን። ሕዝቡ የሚፈልገው ነገር ከምርጫዎቹ ውስጥ ይኑር። የተናገረ ሰው በተናገረው አይታሰር። መልሱ ለሕዝብ ይገለጽ፤ ያልተፈጸመውም ለምን እንዳልተፈጸመ ይነገር። የማንም ልጅ መብት ግን ለድምፅ አይቅረብ።

ባለቤቱን እናክብር፤ አጥሩ ያን ጊዜ ይጸናል።