በሱሊቫን ጎዳና የነበረው ጠባብ አዳራሽና ተመልካቾቹ

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ሜይ 3 ቀን፣ በኒው ዮርክ ከተማ በግሪኒች ቪሌጅ ሰፈር፣ በሱሊቫን ጎዳና በነበረ አንድ ጠባብ አዳራሽ «ፋንታስቲክስ» የተባለው የሙዚቃ ቴአትር ለሕዝብ መታየት ጀመረ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ኹሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን ብሮድዌይ በተባለው በታላቁ የቴአትር ሰፈር የሙዚቃ ቴአትር ሲባል ብዙ ሙዚቀኞች፣ የዘፋኞችና የዳንሰኞች ጭፍራ፣ በየትዕይንቱም የሚለዋወጥ ውድ ጌጥ ማለት ነበረ። በሱሊቫን ጎዳና ግን ከአንድ ዝቅተኛ መድረክ፣ ከጥቂት ምሰሶዎች፣ ከወረቀት ከተሠራች ጨረቃና ከአንድ ትልቅ ሣጥን በቀር ይህ ነው የሚባል ጌጥ አልነበረም። ሙዚቃውም ከፒያኖና በገናን ከሚመስለው ሃርፕ ብቻ ይሰማ ነበር። ሁለቱን ግቢዎች የሚለየው ግንብ እንኳ አንድ የማይናገር ተዋናይ በእጁ የሚይዘው በትር ነበረ። መቀመጫው 150 ያህል ብቻ ስለ ሆነ ተመልካቹ ከተዋናዩ አጠገብ እንደ ጎረቤት ተቀምጦ ያይ ነበር።

ቃሉን የጻፈው ቶም ጆንስ፣ ዜማውን የደረሰው ሃርቪ ሽሚት ነው። ታሪኩን ያገኙት ኤድሞን ሮስታን የተባለው ፈረንሳዊ ደራሲ በ1894 ለመድረክ ካበቃው ተውኔት ነው። ሁለት አባቶች ልጆቻቸውን ለማጋባት ፈልገው፣ ልጅ የተከለከለውን ይወዳልና፣ የተጣሉ መስለው በመካከላቸው ግንብ ያቆማሉ። በመጀመሪያው ክፍል ኹሉም ነገር በጨረቃ ብርሃን ያምራል። በሁለተኛው ክፍል ፀሐይ ትወጣለች፤ ፍቅረኞቹም አንዱ የሌላውን ጉድለት አይተው ይለያያሉ፤ ተጎድተውም ይመለሳሉ።

የጋዜጣ ተቺዎች በአንድ ቃል አልተናገሩም። የኒው ዮርክ ታይምሱ ብሩክስ አትኪንሰን መጀመሪያውን ክፍል ወዶ፣ ከዕረፍት በኋላ ያለው ውበቱ እንደ ቀነሰ ጻፈ። ነገር ግን የጨዋታው ሐሳብ ያለው በዚያው በተነቀፈው ክፍል ነው፤ ያለ ፀሐዩ ትዕይንት የጨረቃው ትዕይንት ጣፋጭ ከረሜላ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። አዘጋጁን ሎር ኖቶን ወዳጆቹ ቴአትሩን ቶሎ እንዲዘጋው መከሩት። እርሱ ግን ያጠራቀመውን ገንዘብ በዚሁ ሥራ ላይ አውሎት ነበርና እንቢ አለ። ጠቅላላ ወጪው 16,500 ዶላር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ባዶ ወንበር እያዩ ጥቂት ሳምንታት መታገሥ ይቻል ነበር፤ በብሮድዌይ ይህን ያህል ትዕግሥት ባለገንዘቡን ባከሰረው ነበር። ቀስ በቀስም አንዱ ተመልካች ለሌላው እየነገረ አዳራሹ ሞላ።

ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ክፍል ኤል ጋዮ የተባለው ሰው ለአባቶቹ የሐሰት ጠለፋ ሊያዘጋጅላቸው፣ የጠለፋውን ዓይነት እንደ ነጋዴ በዜማ ይዘረዝራል። ጆንስ በዚያ ዘፈን ደጋግሞ የተጠቀመበት የእንግሊዝኛ ቃል ከላቲን የወረደ ሆኖ በጥንቱ ትርጉም ነጥቆ መውሰድ ነው፤ በተራው ሰው ጆሮ ግን ሴትን መድፈር ማለት ነው። አማርኛ ሁለቱን ለይቶ ይጠራቸዋል። (ጠለፋም ቢሆን ስንቷን የኢትዮጵያ ልጃገረድ ያስለቀሰ ስለ ሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቀልድነቱ አይታየውም።) ኤል ጋዮ ቃሉን በጥንቱ ትርጉም እንደ ወሰደው ለአባቶቹ ያስረዳል፤ በ1960 ይህ ማስረጃ በቂ ሆኖ ተመልካቹ ሳቀ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ያው ዘፈን ቅሬታን ያስነሣ ጀመር። በሺሕ ሰው አዳራሽ የሃምሳ ሰው ዝምታ በሌሎቹ ሳቅ ይሸፈናል፤ በ150 መቀመጫ ግን የአንድ ረድፍ ዝምታ ለተዋናዩ ወዲያው ይሰማዋል። ደራሲዎቹም በ1990 በዚያ ስፍራ ሊገባ የሚችል ሌላ ዘፈን አዘጋጁ። የተመልካቹን ስሜት ሰምተው ሥራቸውን ማረማቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት መፍጀቱ ግን ያስገርማል።

በ1995 ታሪኩ በአሪዞና ሰፊ ሜዳ ላይ በፊልም ተቀረጸ። ፊልሙ እስከ 2000 ድረስ ሳይታይ ቈየ፤ በወጣም ጊዜ ገበያ አላገኘም። በእውነተኛ ሰማይ ሥር የወረቀት ጨረቃ ስፍራ የላትም፤ በትሩን ግንብ አድርጎ በሐሳቡ የሚሠራ ተመልካችም አያስፈልግም።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን ቴአትር ያሳዩት ግን ተዋናዮቹ ጥቂቶች፣ ጌጡም ርካሽ በመሆኑ ነው። ኖቶ ራሱ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1986 ድረስ የልጁን አባት ሆኖ በመድረኩ ላይ ተጫወተ። ቴአትሩ 17,162 ጊዜ ከታየ በኋላ በ2002 ጃንዋሪ 13 ቀን በሱሊቫን ጎዳና ተዘጋ። ኖቶም በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ዐረፈ።