አርኤስኤስ፦ ባለቤቱ የጣለው፣ ወራሾቹ የተጣሉበት

እ.ኤ.አ. በማርች 1999 (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ካሊፎርኒያ፣ ማውንቴን ቪው የነበረው ኔትስኬፕ ኩባንያ አንድ ጥያቄ ገጥሞት ነበር። «ማይ ኔትስኬፕ» የተባለው ገጹ እያንዳንዱ አንባቢ የወደዳቸውን ድረ ገጾች መርጦ አርእስቶቻቸውን በአንድ ቦታ እንዲያይ የታሰበ ነበር። ታዲያ ድረ ገጾቹ አዲስ ነገር ማውጣታቸውን ለኔትስኬፕ በምን ይንገሩት? ራማናታን ጉሃና ዳን ሊቢ መልሱን በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አበጁት፦ አርእስት፣ የጽሑፉ አድራሻ፣ ከዚያ ቀጣዩ አርእስት። አሳታሚው ፋይሉን በራሱ ሰርቨር ላይ ያኖራል፤ የፈለገ መጥቶ ያነብባል። አርኤስኤስ የሚባለው ፊድ የተወለደው እንዲህ ነው።

ልጁ ገና ሳይጠነክር አሳዳጊው ተሸጠ። ኤኦኤል የተባለው ኩባንያ ኔትስኬፕን ጠቅልሎ የገዛው በዚያው ወር ነበር። በጁላይ ሁለተኛው ዕትም፣ 0.91፣ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ኩባንያው ነገሩን ችላ አለውና በ2001 ከናካቴው ተወው። ባለቤት ያጣው ንብረት ወራሽ አላጣም፤ ችግሩ ወራሾቹ ሁለት መሆናቸው ነው።

በአንድ ወገን የጉሃን የመጀመሪያ ሐሳብ ያነገቡ ነበሩ። ለእነሱ ፊዱ የዜና ዝርዝር ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሮች የጽሑፍን ይዘት እንዲረዱ የሚያደርግ የትልቅ ሥርዓት አካል ነው። በሌላው ወገን የዩዘርላንድ ሶፍትዌር ኩባንያ መሥራች ዴቭ ዋይነር ነበር። እሱ ከ1997 ጀምሮ ለራሱ የኢንተርኔት ማስታወሻ ተመሳሳይ ፋይል ሠርቶ ሲጠቀም የቆየ ሰው ነው፤ የሚፈልገውም ጸሐፊ ሳይቸገር በእጁ ሊጽፈው የሚችል ነገር ነበር። በዲሴምበር 2000 ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን አወጡ፦ የመጀመሪያዎቹ አርኤስኤስ 1.0ን፣ ዋይነር አርኤስኤስ 0.92ን። ቁጥሩን ያየ ሰው 1.0 የ0.92 ተከታይ ይመስለዋል፤ ዝምድናቸው ግን የስም ብቻ ነበር። (1.0ን ካዘጋጁት አንዱ አሮን ስዋርትዝ 14 ዓመቱ ነበር፤ አብረውት የሚሠሩት በጽሑፍ ብቻ ስለሚያውቁት ዕድሜውን የሰሙት ዘግይተው ነው።) በሴፕቴምበር 2002 ዋይነር 2.0ን አከለ፤ ይህም ከ1.0 የተወለደ አይደለም። ማርክ ፒልግሪም የተባለ ባለሙያ በ2004 ሲቆጥር እርስ በርሳቸው የማይግባቡ 9 ዓይነት አርኤስኤሶች አገኘ።

ዋይነር በ2003 የ2.0ን ሰነድ ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የበርክማን ማዕከል አስረከበና ከእንግዲህ እንዳይነካ ተባለ። ከነጉድለቱ ማለት ነው። ጉድለቱ ምን እንደሆነ ለማየት አንዲት ዜና በዚህ ደንብ መጻፍ ይበቃል። በአርኤስኤስ 2.0 የዜናው መግለጫ ንጹሕ ጽሑፍ ይሁን ወይስ የኤችቲኤምኤል ምልክት ያለበት፣ ፋይሉ አይናገርም፤ አንባቢው ፕሮግራም መገመት አለበት። ቀኑም የድሮ ኢሜይል ደንብ ስለሚከተል የዕለቱና የወሩ ስም በእንግሊዝኛ አጽሕሮት ይጻፋል፤ ዜናው ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ቢሆን እንኳ ቀኑ እንግሊዝኛ ይናገራል። ለእያንዳንዱ ዜና መለያ መስጠትም ግዴታ አይደለም፤ ስለዚህ አርእስቱ የታረመ አሮጌ ዜና እንደ አዲስ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

እነዚህን ቀዳዳዎች ለመድፈን በ2003 የአይቢኤሙ ሳም ሩቢ ማንም የሚጽፍበት ዊኪ ከፈተ፤ ውጤቱ አተም ተባለ። ሥራው ወደ ኢንተርኔት ደረጃ አውጪው አካል፣ ወደ አይኢቲኤፍ፣ ተላለፈና ፊዶቹ የሚጻፉበትን የኤክስኤምኤል ደንብ ካዘጋጁት አንዱ ቲም ብሬይ ከፖል ሆፍማን ጋር መራው። በዲሴምበር 2005 አርኤፍሲ 4287 የተባለ የደረጃ ሰነድ ሆኖ ታተመ። አተም የይዘቱን ዓይነት በግልጽ ይናገራል፣ ቀኑን በአሐዝ ይጽፋል፣ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የማይለወጥ መለያ ያስገድዳል። እንደ ሥራ ጥራቱ ከሆነ ውድድሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት።

አላለቀም። ምክንያቱ በዚያችው በ0.92 ውስጥ የገባች አንዲት መስመር ናት። ዋይነር ከአርእስቱ ጎን የድምፅ ፋይል አድራሻ፣ መጠንና ዓይነት የሚይዝ ቦታ ጨምሮ ነበር፤ በጃንዋሪ 2001 የግሬትፉል ዴድ የሙዚቃ ቡድንን ዘፈን አያይዞ አሳየ። ዓለም ይህን ፖድካስት ብሎ ለመጥራት ዓመታት ፈጀበት። አፕል በጁን 2005 ፖድካስትን ወደ አይቱንስ ሲያስገባ የተቀበለው አርኤስኤስ 2.0ን ነው፤ አተም ገና አልታተመም ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል፤ ይህኛው ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም። በዋሽንግተንም ሆነ በአዲስ አበባ የተቀዳ የአማርኛ ፖድካስት አፕል ላይ የሚደርሰው በዚሁ ፋይል ነው።

ከጠቡ ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ ሁለቱም ተፋላሚዎች የቆሙበት መሬት ነው። ሮይ ፊልዲንግ ድሩ የሚግባባበት ደንብ፣ የኤችቲቲፒ 1.1፣ ዋና ጸሐፊ ነበር፤ በ2000 ለዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ አርቫይን ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ ከድሩ በስተጀርባ ያለውን አስተሳሰብ ሬስት ብሎ አብራራው። በዚያ አሠራር ሰርቨሩ ማን እንደመጣ ማስታወስ አይጠበቅበትም። የአንባቢው ፕሮግራም «ባለፈው ከመጣሁ ወዲህ ተለውጧል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልተለወጠ 304 የሚል አጭር መልስ ይመጣል፣ ፋይሉ ዳግመኛ አይላክም። የሞባይል ዳታ በሜጋባይት ለሚገዛ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። አሳታሚው የተመዝጋቢ ስም አይዝም፤ በመሃል ቆሞ የትኛው ዜና ቀድሞ ይታይ የሚል ኩባንያም የለም።

ፊደላችንም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ፊዶቹ የተጻፉበት ኤክስኤምኤል በፌብሩዋሪ 1998 ሲጸድቅ የግዕዝ ፊደል የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ሰንጠረዥ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ አልነበረም፤ የገባው በሴፕቴምበር 1999 ከዩኒኮድ 3.0 ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ዜናውን በአማርኛ መጻፍ ተቻለ፤ የፋይሉን ክፍሎች የሚለዩትን ምልክቶች (ታጎች) ስም ግን በግዕዝ ፊደል ማውጣት አልተፈቀደም፣ ደንቡ ከዩኒኮድ 2.0 ጋር ታስሮ ነበርና። በ2004 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.1 ይህን ፈታ፤ ተጠቃሚ ግን አጣ። ዋናው ደንብ የተስተካከለው በኖቬምበር 2008፣ በአምስተኛው ዕትም ነው።

ጉግል በ2005 የከፈተውን የፊድ ማንበቢያ ጁላይ 1 ቀን 2013 ሲዘጋ ብዙዎች አርኤስኤስ ሞተ አሉ። የሞተው ማንበቢያው ነው። ዩቲዩብ ዛሬም ለእያንዳንዱ ቻናል የአተም ፊድ ያወጣል፤ በዎርድፕረስ የተሠራ ድረ ገጽም አንድ ሰው ሆን ብሎ ካልዘጋው በስተቀር ፊዱን በራሱ ያዘጋጃል። ዜናችሁን በቴሌግራምና በፌስቡክ ብቻ የምትለቁ የአማርኛ ዝግጅት ክፍሎች፣ ድረ ገጽ ካላችሁ ፊዱን አትዝጉት፤ አድራሻውንም አንባቢ በሚያየው ቦታ ጻፉት።