ከአሮጌ ተሽከርካሪ ውስጥ የአይጥ በጠጥን ማጽዳት

ከአሮጌ ተሽከርካሪ ውስጥ የአይጥ በጠጥን ማጽዳት ማለት ለረጅም ጊዜ ቆሞ በከረመ መኪና ውስጥ አይጦች የተዉትን በጠጥ (ዓይነ ምድር)፣ ሽንትና ጎጆ ለጤና በማያሰጋ መንገድ ማስወገድ ነው። የሥራው ዋና ደንብ አንድ ነው፦ በደረቁ አይጠረግም፤ መጀመሪያ በጀርም ማጥፊያ ይረጥባል፣ ከዚያ ይነሣል። በጠጡ ሲደርቅ በቀላሉ ወደ አቧራነት ይለወጣል፤ አብዛኛው አደጋም የሚመጣው በእጅ ከመንካት ይልቅ ይህን አቧራ ከመተንፈስ ነው። የመኪና ውስጥ ደግሞ ጠባብና ዝግ በመሆኑ የተነሣ አቧራ በቶሎ አይወጣም።

አይጦች ተሽከርካሪን የሚመርጡበት ምክንያት

የቆመ መኪና ከዝናብ፣ ከብርድና ከድመት ያስጥላል። ትንሽ አይጥ 6 ሚሊሜትር ያህል በሆነ ቀዳዳ ማለፍ ትችላለች። በአሮጌ መኪና ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ብዙ ነው፦ የተበላ የወለል ላሜራ፣ ያረጀ የበር ጎማ፣ የፔዳልና የሽቦ ማለፊያ፣ ከፊት መስታወት ሥር ያለው የአየር ማስገቢያ። የወንበር ስፖንጅ፣ የጣሪያ ልብስና ከኮፈን ሥር ያለው የድምፅ መከላከያ ለጎጆ መሥሪያ ይሆናሉ። በቀደሙት ዘመናት ወንበሮች በፈረስ ጭራ ፀጉር ወይም በኮኮናት ቃጫ ይሞሉ ስለነበር ለአይጥ ይበልጥ ይመቻሉ።

የትንሽ አይጥ በጠጥ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር የሚረዝም፣ ጫፉ የሾለ ጥቁር ፍሬ ነው። የትልቅ አይጥ በጠጥ ከ12 እስከ 18 ሚሊሜትር ይደርሳል። አንዲት ትንሽ አይጥ በቀን ከ50 በላይ ፍሬ ስለምትጥል በጥቂት ሳምንት ውስጥ መኪናው በበጠጥ ሊሞላ ይችላል።

የጤና አደጋ

በዚህ ረገድ ይበልጥ የሚፈራው ሃንታቫይረስ ነው። ቫይረሱ ስሙን ያገኘው በኮሪያ ከሚገኘው ከሃንታን ወንዝ ሲሆን፣ በተለያዩ የአይጥ ዝርያዎች ውስጥ የሚኖሩ ብዙ ዓይነቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1993 አሪዞና፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ኮሎራዶና ዩታ በሚዋሰኑበት የአሜሪካ አካባቢ ጤነኛ ወጣቶች በድንገተኛ የትንፋሽ እጥረት ሞቱ። ምርመራው መንስኤው እስከዚያ ድረስ ያልታወቀ ሃንታቫይረስ መሆኑን አሳየ፤ ተሸካሚዋም «ዲር ማውስ» የምትባለው ሆደ ነጭ የዱር አይጥ ሆና ተገኘች። ቫይረሱ «ሲን ኖምብሬ» ተባለ፤ ትርጉሙ በስፓኒሽ «ስም የለሽ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎች መካከል 10 ሰዎች ታመው 3ቱ ሞተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2025 የተዋናይ ጂን ሃክማን ባለቤት ፒያኒስት ቤትሲ አራካዋ በኒው ሜክሲኮ በዚሁ በሽታ ሞታለች። ከዚያ በኋላ በመኖሪያ ግቢያቸው በተደረገ ፍተሻ በጋራዦችና በመጋዘኖች የአይጥ በጠጥ፣ በሁለት ተሽከርካሪዎች ደግሞ የአይጥ ጎጆ ታይቷል።

በሽታው ከተጋለጡ ከ1 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በትኩሳት፣ በድካምና በጡንቻ ሕመም ይጀምራል፤ ሕመሙ በተለይ ጭን፣ ዳሌና ጀርባ ላይ ይበረታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳልና የትንፋሽ እጥረት ይከተላል። የመተንፈሻ ምልክት ከታየባቸው ሕሙማን ከ100 ወደ 38 የሚሆኑት ይሞታሉ። በሽታውን ለይቶ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ የሚደረገው በጽኑ ሕሙማን ክፍል መተንፈስን ማገዝ ነው። አጀማመሩ ጉንፋን ስለሚመስል ታማሚው አይጥ ያለበት መኪና ማጽዳቱን ለሐኪም መንገሩ ሕይወት ሊያድን ይችላል።

ሃንታቫይረስ በክፍል ሙቀት ለጥቂት ቀናት ብቻ ይቆያል፤ የፀሐይ ብርሃን ዕድሜውን ያሳጥረዋል፣ ቅዝቃዜ ግን ያራዝመዋል። ሆኖም በጠጡ መቼ እንደተጣለ በዓይን አይቶ እርግጠኛ መሆን ስለማይቻል ሁሉም እንደ ትኩስ ይቆጠራል። ከሃንታቫይረስ ሌላ የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስን፣ በጠጡ ደግሞ ሳልሞኔላን ሊያስተላልፍ ይችላል።

አስፈላጊ ዕቃዎች

• ውሃ የማያስገባ የጎማ ጓንት
• ኤን 95 ወይም ከዚያ የተሻለ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ (ተራ የቀዶ ሕክምና ማስክ ፊት ላይ ስለማይገጥም ደቃቅ ብናኝ ያሳልፋል)
• የዓይን መከላከያ መነጽር
• 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ የተበጠበጠበት መርጫ፣ ወይም ሌላ ጀርም ማጥፊያ
• የወረቀት ፎጣ ወይም የሚጣል ጨርቅ፣ ወፍራም ፌስታል

የተበጠበጠ በረኪና ኃይሉ ስለሚቀንስ በዕለቱ ይዘጋጃል። በረኪናን ከአሞኒያ ወይም ከአሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚያመነጭ ክልክል ነው።

የአጸዳድ ቅደም ተከተል

1. መኪናው ተገፍቶ ወይም ተጎትቶ ፀሐይና ነፋስ ወዳለበት ሜዳ ይወጣል። ማሞቂያውም ሆነ የአየር ማራገቢያው አይከፈትም፤ ጎጆ በቱቦው ውስጥ ካለ አቧራውን ፊት ላይ ይነፋልና።
2. በሮች፣ መስኮቶች፣ ኮፈንና የዕቃ መጫኛ ተከፍተው ቢያንስ 20 ደቂቃ ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ ማንም ውስጥ አይገባም።
3. የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታል። አይጥ የላጠው ሽቦ ሲረጥብ ሾርት ሊያደርግና እሳት ሊያስነሣ ይችላል።
4. በጠጥ፣ ጎጆና የሞተ አይጥ ጀርም ማጥፊያ ተረጭቶባቸው በደንብ እስኪርሱ 5 ደቂቃ ይቆያሉ። አቧራ እንዳይነሣ መርጫው በኃይል ሳይሆን በቀስታ፣ ከቅርብ ይረጫል።
5. የራሰው ሁሉ በወረቀት ፎጣ ተለቅሞ ፌስታል ውስጥ ይገባል። ፌስታሉ ታስሮ በሁለተኛ ፌስታል ይደገምና ክዳን ባለው የቆሻሻ መጣያ ይጣላል።
6. መሪ፣ ክሩስኮት፣ የበር እጀታና ወለሉ በሙሉ እንደገና በጀርም ማጥፊያ ይወለወላሉ።
7. ጓንቱ ሳይወልቅ በጀርም ማጥፊያ ይታጠባል፤ ከወለቀ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። የተለበሰው ልብስ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል።

መጥረጊያ፣ ተራ የቫኪዩም ማጽጃና የኮምፕረሰር አየር ከዚህ ሁሉ በፊት አይነኩም። ቫኪዩም ደቃቁን ብናኝ በማጣሪያው አሳልፎ መልሶ ወደ አየር ይተፋል። የኮምፕረሰር አየር ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ በጋራዥና በላቫጆ አቧራ ለማስለቀቅ የተለመደ ቢሆንም አይጥ በገባበት መኪና ላይ በጠጡን ወደ ሠራተኛው ፊት ይበትነዋል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ክፍሎች

ጨርቅና ስፖንጅ፦ በረኪና የጨርቅን ቀለም ይበላል። ስለዚህ ለወንበርና ለምንጣፍ ቀለም የማይለቅ ጀርም ማጥፊያ፣ ቀጥሎም የእንፋሎት ወይም የሻምፑ እጥበት ይመረጣል። ሽንት ዘልቆ የገባበት ስፖንጅ ግን ሽታው ስለማይለቅ ይለወጣል።

ሞተርና ብረት፦ በረኪና ብረትን ያዝጋል፤ በላሜራ ላይ ከተረጨ ከ5 ደቂቃ በኋላ በውሃ በራሰ ጨርቅ መወልወል አለበት። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን ይኖርበታል። በጋለ ሞተር ላይ የቀረ ደረቅ ጎጆ በእሳት ሊያያዝ ስለሚችል የአየር ፊልትሮ ቤቱ ሳይቀር ተከፍቶ ይታያል።

የአየር ቱቦ፦ የካቢን ፊልትሮ ካለ ረጥቦ ይወጣና ይጣላል። ብዙ አሮጌ መኪኖች ይህ ፊልትሮ ስለሌላቸው ከውጭ የገባው ሁሉ በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ይደርሳል። ጎጆው ከማራገቢያው አጠገብ ከሆነ ክሩስኮቱ በመካኒክ መፈታት ሊኖርበት ይችላል። ማራገቢያው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፈተው በሮች ሁሉ ተከፍተው፣ ውስጥ ሰው ሳይኖር ነው።

ኤርባግ ያላቸው መኪኖች፦ ከወንበር ሥር ወይም ከመሪ አጠገብ የሚያልፉ ቢጫ ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች አይረጥቡም፣ አይነቀሉም፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ በተያዙ የዱር አይጦች ውስጥ ሃንታቫይረስ መገኘቱን አስታውቋል፤ ቫይረሱም «ትግራይ ቫይረስ» ተብሏል። በሰው ላይ በሽታ እንደሚያስከትል አልተረጋገጠም። ያም ሆኖ ሌሎች የአይጥ ወለድ በሽታዎች ስላሉ፣ በግቢ ለዓመታት ቆሞ የኖረን ቮልስዋገን ወይም ፒክአፕ ለማስነሣት የሚሠራ መካኒክ፣ የላቫጆ ሠራተኛና ባለቤቱ ራሱ ከላይ የተጠቀሰውን ጥንቃቄ መውሰድ ይገባቸዋል። በረኪና፣ የጎማ ጓንትና ፌስታል በየሱቁ ስለሚገኙ ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

መከላከል

አይጦቹ ከቀሩ ጽዳቱ ከንቱ ይሆናል። ምግብና ፍርፋሪ ከመኪና ይወጣል፤ ቀዳዳዎች በወንፊት ሽቦ ወይም በላሜራ ይደፈናሉ፤ በመኪናው ዙሪያ ሣርና ኮተት አይከመርም። ወጥመድ ከመርዝ ይመረጣል፤ መርዝ የበላች አይጥ እጅ በማይደርስበት ቱቦ ውስጥ ሞታ ልትቀር ትችላለችና። የቆመ መኪና በየጊዜው ኮፈኑ ተከፍቶ ቢታይና ከቦታው ቢንቀሳቀስ አይጥ ተረጋግታ አትራባበትም።