የአልበርት አይንስታይን የትምህርቱ ዜና

ይህ አልበርት የሄርማን አይንስታይንና የፓውሊነ ኮክ ልጅ ነው። በፈረንጆች ማርች 14 ቀን 1879 በጀርመን አገር በኡልም ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ ወዲያ የሚነገረውም ዘመን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ወደ ሙኒክ ይዘውት ሄዱ። በ1888ም ሉዊትፖልድ ከሚባለው ጂምናዚየም ገባ። በቃል ማጥናቱና ጥብቁ ሥርዓት ልቡን አላስደሰተውም፤ ቢሆንም በሒሳብ ብርቱ ነበር። ሐሙስ ሐሙስም ማክስ ታልሙድ የተባለ ድኻ የሕክምና ተማሪ ለማዕድ እየመጣ የሳይንስና የሒሳብ መጻሕፍት ያስነብበው ነበር።

በ1894 የአባቱ የኤሌክትሪክ ሥራ ስለ ከሰረ ቤተ ሰቡ ወደ ኢጣልያ ተሻገረ። አልበርት ትምህርቱን ይጨርስ ዘንድ ሙኒክ ቀረ፤ ግን አልታገሠም፤ ዓመቱ ሳያልቅ ተከትሏቸው ሄደ። በኦክቶበር 1895 ለዙሪክ ፖሊቴክኒክ የመግቢያ ፈተና ተቀመጠ። ዕድሜው 16 ነበር፤ ከተለመደው በሁለት ዓመት ያንሳል። ሒሳቡንና ፊዚክሱን አሳምሮ ሠራ፤ በጠቅላላው ትምህርት ግን ወደቀ። አለቃው አልቢን ሄርዞግ ግን ተስፋ አላስቆረጡትም፤ በአራው ከተማ ካለው የካንቶን ትምህርት ቤት ገብቶ የጎደለውን እንዲሞላ መከሩት።

አራው በጀችው። ከመምህራኑ አንዱ በሆኑት በዮስት ቪንቴለር ቤት እንደ ልጅ ተቀመጠ። በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ እንዲጠይቅና በራሱ እንዲያስብ ይፈቀድለት ነበር፤ የብርሃንን ጨረር በብርሃን ፍጥነት የሚከተል ሰው ምን ያይ ይሆን ብሎ ማሰላሰል የጀመረውም በዚያ ነው። በ1896 የማጠናቀቂያ ፈተናውን ሲያልፍ በአልጀብራ፣ በጂኦሜትሪና በፊዚክስ 6 አገኘ፤ በፈረንሳይኛ 3። በስዊዘርላንድ ትልቁ ነጥብ 6 ነው። በሒሳብ ይወድቅ ነበር የሚለው ወሬ እንግዲህ ሐሰት ነው።

በዚያው ዓመት ያለ መግቢያ ፈተና በፖሊቴክኒኩ የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን ከሚሠለጥኑበት ክፍል ገባ። በዚያ ዘመን ሁርዊትስ፣ ሚንኮቭስኪና ጋይዘር ሒሳብ፣ ቬበርም ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር፤ እንዲህ ያሉ ሊቃውንት በአንድ ጣራ ሥር የሚገኙበት ቤት ጥቂት ነው። አልበርት ግን ከብዙው ክፍል ይቀር ነበር። በ1899 በፊዚክስ መምህሩ በፔርኔት ላቦራቶሪ ስለ ቸልተኝነቱ ከአለቃው የተግሣጽ ደብዳቤ ደረሰው፤ ነጥቡም ዝቅተኛው 1 ሆነ። ያዳነው ባልንጀራው ማርሴል ግሮስማን ነው። ይህ ሰው መምህራኑ የተናገሩትን ሁሉ ለማተሚያ ቤት የተሰናዳ እስኪመስል አጥርቶ በደብተር ይጽፍ ነበር፤ ፈተና ሲደርስ አልበርት ያን ደብተር ወስዶ ያጠናል። በ1900 ከ6 አማካይ 4.91 አግኝቶ ተመረቀ።

ከዚያ ወዲያ ረዳት አድርጎ የሚቀጥረው ፕሮፌሰር ጠፋ። በ1902 በግሮስማን አባት አማላጅነት በበርን ከፓተንት ቢሮ ገባ። እዚያም እየሠራ በ1905 የሞለኪውልን መጠን የሚለካበትን የዶክትሬት ጽሑፍ ለዙሪክ ዩኒቨርሲቲ አቀረበ፤ የመሩትም አልፍሬድ ክላይነር ነበሩ። መታሰቢያነቱን ለግሮስማን ሰጠ። ስለ ብርሃንና ስለ አንጻራዊነት የጻፈውም በዚሁ ዓመት ነው። ያን ዓመት ሰዎች አንድ ጸሐፊ ከቢሮ ወንበሩ ላይ ሳለ በድንገት እንደ ወረደለት ተአምር ያወሩታል፤ እኔ ግን ይህ አነጋገር መምህራኑን መበደል ነው እላለሁ።

በ1908 አልበርት ከትምህርታቸው ይቀር የነበረባቸው ሚንኮቭስኪ ጊዜንና ቦታን በአንድ ባለ አራት ልኬት ጂኦሜትሪ አዋሕደው የአንጻራዊነትን ሐሳብ የሒሳብ ቅርጽ ሰጡት። በ1912 አልበርት ፕሮፌሰር ሆኖ ወደ ፖሊቴክኒኩ ተመለሰ። ስበትን ሲመረምር መንገዱ ተዘጋበት፤ ያኔ ጋይዘር ስለ ጠማማ ገጽ ያስተማሩት ትዝ አለው። ግሮስማንም በዚያው ቤት የሒሳብ ፕሮፌሰር ነበርና ጠማማነትን የሚመረምረውን የሪማንን ጂኦሜትሪ አሳየው። በ1913 አብረው ባወጡት ጽሑፍ የፊዚክሱ ክፍል በአይንስታይን፣ የሒሳቡ ክፍል በግሮስማን ስም ነው። የስበቱ ቀመር ተፈጽሞ በኖቬምበር 1915 በበርሊን ለፕሩሲያ አካዳሚ ቀረበ።