ኮምፒውተር የተከራየ ገዳም፣ ኮከብ የመረመሩ ካህን

አንድ የቲቤት ላማ ማንሃተን ውስጥ ወደሚገኝ የኮምፒውተር ድርጅት ቢሮ መጥተው ማሽን እንከራይ ይላሉ። ኃላፊው ለምን ሥራ እንደሆነ ይጠይቃቸዋል። የአምላክን ስሞች በሙሉ ለመጻፍ ነው ብለው ይመልሳሉ። ገዳማቸው ሥራውን ከጀመረ 300 ዓመት አልፎታል። ራሳቸው ባዘጋጁት ፊደል፣ ከዘጠኝ ሆሄ ያልበለጠ ስም ሁሉ አንድም ሳይቀር ይጻፋል። በእጅ ከቀጠሉ 15,000 ዓመት ይፈጃል፤ በማሽኑ ግን 100 ቀን ይበቃል።

እንግሊዛዊው ደራሲ አርተር ሲ. ክላርክ «ዘጠኙ ቢሊዮን የአምላክ ስሞች» የተባለውን ይህን አጭር ልቦለድ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ «ኮከቡ» ወጣ። ሁለቱንም ቁጭ ብሎ በአንድ ከሰዓት መጨረስ ይቻላል። ብዙ ጊዜ የሚነበቡት ሃይማኖትና ሳይንስ የተፋለሙባቸው ታሪኮች ተደርገው ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። መነኮሳቱ ማሽኑን አይፈሩትም፤ ገንዘብ ከፍለው ያስመጡታል። በሁለተኛው ታሪክ ከዋክብትን የሚመረምረው ሊቅም ራሱ ካህን ነው። የክላርክ ጥበብ ያለው እምነትንና የማወቅ ጉጉትን በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ማኖሩ ላይ ነው።

ክላርክ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ በራዳር ሥራ አገልግሏል። በ1945 «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከምድር ጋር እኩል የሚዞሩ ሳተላይቶች መልእክት ሊያስተላልፉ እንደሚችሉ አስረድቷል። በዚያ ምሕዋር የመጀመሪያው ሳተላይት የቆመው በ1964 ነው። ስለዚህ ስለ ማሽን ሲጽፍ የሚያውቀውን ነው የሚጽፈው። መነኮሳቱ የተከራዩት ኮምፒውተር «ማርክ 5» ይባላል። በእውነተኛው ዓለም «ማርክ 1» የተባለው ግዙፍ የስሌት ማሽን ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የገባው በ1944 ሲሆን «ማርክ 4» የተጠናቀቀው በ1952 ነው። ታሪኩ ከዘመኑ የቀደመው በአንድ ቁጥር ብቻ ነበር ማለት ነው። የ1953 አንባቢ ማሽኑን በጋዜጣ ያውቀዋል፤ እንግዳ የሚሆንበት የሥራው ዓይነት ነው።

ከታሪኩ ዝርዝሮች እኔ የምወደው የናፍጣ ጀነሬተሩን ነው። ኮምፒውተሩ ተራራ ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪክ ቀድሞ ገብቶ ይጠብቀዋል። መነኮሳቱ ጀነሬተሩን ያስተከሉት የጸሎት መንኮራኩሮቻቸውን በሞተር ለማሽከርከር ነበርና። ክላርክ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ያልፋል፤ ገዳሙ ግን በዚያች ዓረፍተ ነገር ሕያው ይሆናል። በአምላክ ስሞች ኃይል ማመን ለኢትዮጵያ አንባቢም ባዕድ አይደለም። አስማት፣ ማለትም የአምላክ ስሞች፣ የተጻፉበት ልፋፈ ጽድቅ የተባለው መጽሐፍ ከሟች ጋር ይቀበር እንደነበር የምናውቅ ሰዎች፣ የላማውን ጥያቄ እንደ ኒውዮርኩ ኃላፊ በመገረም ብቻ አንሰማውም።

ማሽኑን ይዘው ወደ ገዳሙ የሄዱት ሁለት መሐንዲሶች የሥራውን ዓላማ የሚረዱት ዘግይተው ነው። ስሞቹ ተጽፈው ሲያልቁ የሰው ልጅ የተፈጠረበት ሥራ ይፈጸማል፤ ዓለምም ያከትማል። መሐንዲሶቹ ይህን አያምኑም። የሚያስፈራቸው ምንም ሳይሆን ሲቀር መነኮሳቱ ቁጣቸውን በማሽኑና በእነርሱ ላይ እንዳይወጡት ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ገጽ በሚታተምበት ሌሊት በፈረስ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይወርዳሉ። ከዋክብት አንድ በአንድ ሲጠፉ የሚያዩት መንገድ ላይ ሳሉ ነው።

«ኮከቡ» ከዚህ የከበደ ነው። ተራኪው ከምድር 3,000 የብርሃን ዓመት ርቃ የምትጓዝ የጠፈር መርከብ ዋና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ናቸው፤ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህንም ናቸው። የኢየሱሳውያን ስም እኛን የሚያስታውሰን የዐፄ ሱስንዮስን ዘመንና ያስከተለውን ደም መፋሰስ ነው። በሥነ ፈለክ ታሪክ ግን ሌላ ገጽታ አላቸው። ኢየሱሳዊው አንጄሎ ሴኪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ላይ ከዋክብትን በብርሃናቸው ኅብር ከመደቡት ቀዳሚዎች አንዱ ነበሩ። የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 እንደገና ያቋቋሙትን የቫቲካን የሥነ ፈለክ ማዕከልም ለረጅም ዘመን የመሩት ኢየሱሳውያን ናቸው። የካህኑ ተመራማሪ መሆን የመርከቧን ሠራተኞች ያስገርማል፤ የሮምን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ግን አይገረምም።

መርከቧ የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ትመረምራለች። ከፍንዳታው የተረፈው እጅግ ሩቁ ፕላኔት ብቻ ነው። በዚያም ላይ ሞቱን አስቀድሞ ያወቀ አንድ ሥልጡን ሕዝብ በግምጃ ቤት ያኖረው ቅርስ ተገኘ፦ ጽሑፎች፣ የከተሞችና በሰማያዊ አሸዋ ላይ የሚጫወቱ ሕፃናት ምስሎች። ካህኑ ኮከቡ የፈነዳበትን ዘመን ያሰላሉ፤ ብርሃኑ ምድር የደረሰበትንም። ውጤቱ አንድ ነው። ለሰብአ ሰገል የበራው የቤተልሔም ኮከብ ያ ሕዝብ የተቃጠለበት እሳት ነበር።

እዚህ ላይ ካህኑ ስሌቱን መካድ ይችሉ ነበር፤ አይክዱም። መስቀሉን ከግድግዳው ማውረድ ይችሉ ነበር፤ ያንንም ሲያደርጉ አናይም። ጥሩ ሳይንቲስት ባይሆኑ ኖሮ ጥያቄው አይነሳም፤ አማኝ ባይሆኑ ኖሮ ጥያቄው አያምም። እምነት የሌለው ክላርክ ይህን ሕመም እንዲህ በአክብሮት መጻፉ ከሥራዎቹ ሁሉ በላይ ትልቅ ያደርገዋል ብዬ አምናለሁ።

ታሪኩ መጀመሪያ የተጻፈው «ኦብዘርቨር» ጋዜጣ 2500 ዓ.ም.ን ርዕስ አድርጎ ላወጣው ውድድር ነበር፤ አላሸነፈም። በ1955 «ኢንፊኒቲ» መጽሔት ላይ ታትሞ በማግሥቱ ዓመት የሂዩጎ ሽልማትን ወሰደ። በ1985 ደግሞ «ዘ ትዋይላይት ዞን» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፕሮግራም ለገና ሰሞን በቴሌቪዥን አቀረበው። አዘጋጆቹ መጨረሻውን አልቻሉትም፤ የጠፋው ሕዝብ ትቶት የሄደ የማጽናኛ ቃል ጨምረው ካህኑን አረጋጉ። በጎ አስበው ነው፤ ታሪኩን ግን ጎድተውታል። በክላርክ ገጾች ላይ ካህኑን የሚያጽናና ማንም የለም፤ ስሌቱም መስቀሉም አብረዋቸው እንዳሉ ገና ወደ ምድር ይመለሳሉ።