የሉሲ ጡረታ

እናንተ የአርብ ገበያ ሰዎች፣ ከስማዳም ከእስቴም የዘለቃችሁ፣ አህያችሁን እሰሩና ጆሮ ስጡኝ። የማወጋችሁ ስለ አንዲት መንገደኛ ነው።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ ስልሳ ያህል ሹማምንት በተረሸኑ ማግስት፣ አፋር ሐዳር ላይ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተኛች አጥንት ተገኘች። እኛ ድንቅነሽ አልናት፤ ፈረንጆቹ ከቢትልሶች ዘፈን ወስደው ሉሲ አሏት። አሜሪካኖችም ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚሁ ስም የጠሯት መንኮራኩር አመጠቁ። ገና ከመነሳቷ ከሁለቱ የፀሐይ ክንፎቿ አንዱ አልቆለፍ አለ። ቢሆንም አልቀረችም።

ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በ430 ኪሎ ሜትር ርቀት አንድ የጠፈር አለት አልፋ ሄደች። የአለቱ ስም? ድንቅነሽ! ደግሞ ብቻዋን አይደለችም፤ ሁለት አለት ተጣብቀው የፈጠሯት ትንሽ ጨረቃ ስትዞራት ተገኘች። እሷንም ሰላም አሏት፣ የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ዲኪካ ላይ ባገኛት ሕፃን ስም። ያቺ ሕፃን ከድንቅነሽ በመቶ ሺህ ዓመት ገደማ ትበልጣለች፤ ጉድ ነው እኮ።

የመንኮራኩሯ ቀሪ ሥራ በጁፒተር መንገድ ላይ ያሉ አለቶች ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ጋ የካቲት 2025 ዓ.ም. ትደርሳለች። ከዚያስ? እስቲ የሌሎቹን መንኮራኩሮች መጨረሻ እዩ።

ካሲኒ ሳተርንን 13 ዓመት ዞራ ነዳጇ ሲመናመን፣ መስከረም 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ሆን ብለው ሳተርን ውስጥ ከተው አቃጠሏት። ጭካኔ እንዳይመስላችሁ፤ ኢንሴላደስ የምትባለው ጨረቃ ከበረዶዋ ሥር ውኃ አላት፣ ከምድር የሄደ ተሕዋስ እዚያ እንዳይገባ ብለው ነው። ቮዬጀር 1 ደግሞ ላትመለስ ሄዳለች። የ55 ቋንቋ ሰላምታ ተሸክማ አማርኛ የለበትም፤ ይኼ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሉሲ ግን አትቃጠልም፣ ርቃም አትጠፋም። ነዳጅና በጀት ከተረፈ ሌላ ሥራ ይጨምሩላት ይሆናል። ሲያልቅ ሬዲዮዋ ዝም ይላል፣ መንገዷ ግን አይቆምም፦ እንደ ገበያተኛ አንዴ ወደ ጁፒተር ስትወጣ፣ በየስድስት ዓመቱ ገደማ ወደ ምድር መንገድ ስትወርድ፣ ቢያንስ ለመቶ ሺህዎች ዓመታት ትመላለሳለች ብለው አስልተዋል።

ይህን አውቀው ነው ሰሌዳ የለጠፉባት። የቮዬጀር መልእክት ለማናውቀው ፍጡር ነበር፤ የሉሲ ለልጅ ልጆቻችን ነው። የአንስታይን፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ፣ የቢትልሶች ቃል አለበት፤ በተነሳችበት ቀን ፕላኔቶቹ የት የት እንደነበሩም ተስሎበታል። የኋላ ሰው ያንን አይቶ ወደ ኋላ ቢያሰላ ቀኑን ያገኘዋል፤ ጥቅምት 6 ይበለው ኦክቶበር 16፣ እሱ እንደ አገሩ።