የኑግ ዘይት የላቦራቶሪ ምርመራ

የኑግ ዘይት የላቦራቶሪ ምርመራ ዘይቱ በውስጡ ምን ምን እንደያዘ፣ ትኩስነቱን መጠበቅ አለመጠበቁንና ባዕድ ዘይት መቀላቀል አለመቀላቀሉን የሚያሳውቅ የኬሚስትሪ ሥራ ነው። ኑግ በአዊ ዞን፣ በተለይም በዳንግላ ዙሪያ የሚዘራ የቅባት እህል ነው፤ ለእንጅባራ ደጋ ደግሞ ጎመን ዘር ይስማማዋል።

ምርመራው ዘይቱን ከፍሬው በማውጣት ይጀምራል። ደርቆ የተፈጨው ኑግ በሶክስሌት መሣሪያ ውስጥ ሆኖ 69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ በሚፈላ ሄክሴን ለሰዓታት ይታጠባል፤ ሄክሴኑ ሲተን የቀረው ዘይት ይመዘናል። ፋጉሎውም በዚሁ መንገድ ቢፈተሽ መጭመቂያው ያስቀረው ዘይት ይታወቃል።

ዘይቱ የተሠራባቸውን ፋቲ አሲዶች የሚለየው ጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው። ዘይቱ በቀላሉ ስለማይተን አስቀድሞ ከሜታኖል ጋር ተዋህዶ ሜቲል ኤስተር ይሆናል፤ ከዚያም በሂሊየም እየተገፋ በጋለ ቀጭን ቱቦ ያልፋል። እያንዳንዱ ውህድ በየራሱ ሰዓት ወጥቶ በግራፉ ላይ ጉብታ ይሠራል፣ የጉብታው ስፋትም መጠኑን ያሳያል። በኢትዮጵያ ኑግ ትልቁ ጉብታ ሊኖሌይክ አሲድ ሲሆን 70 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ነባሩ ጎመን ዘር ግን 40 በመቶ ገደማ ኢሩሲክ አሲድ ይዟል፤ ይህ አሲድ በአይጦች ልብ ላይ ስብ እንደሚያከማች ስለታወቀ የጎመን ዘር ዘመድ በሆነው ራፕሲድ፣ ለምግብ በሚሸጡት ዝርያዎች ከ2 በመቶ እንዳያልፍ ተደርጓል።

ማጭበርበርም በዚሁ ክሮማቶግራፊ ይጋለጣል። በኑግ ዘይት 9 በመቶ ገደማ የሆነው ፓልሚቲክ አሲድ በፓልም ዘይት 44 በመቶ ገደማ ነው። ከሦስት እጅ አንዱ ፓልም ከሆነ ቁጥሩ ወደ 20 ይጠጋል። የሱፍ ዘይት ሲቀላቀል ግን ራሱም ሊኖሌይክ የበዛበት ስለሆነ ልዩነቱ ይደበዝዛል፤ ያኔ በዘይቱ ውስጥ ያሉትን ስቴሮሎች መመርመር ግድ ነው።

ለዳንግላ ዘይት ጨማቂ ከዚህ ውድ መሣሪያ ይልቅ ቢሬትና ጥቂት ኬሚካል የሚበቃቸው ሁለት ፍተሻዎች ይበልጥ ይጠቅማሉ። አንደኛው የአሲድ መጠን ነው፤ እርጥበት ባገኘው ወይም በሻገተ ኑግ ከፍ ይላል፣ ለድንግል (ላልተጣራ) ዘይት የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ የኮዴክስ ጣሪያ በግራም 4 ሚሊግራም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ሁለተኛው የፐርኦክሳይድ መጠን ነው። ሊኖሌይክ አሲድ አየር ቶሎ ስለሚያበላሸው ኑግ ይህ ፍተሻ ያሻዋል፤ ከፖታሲየም አዮዳይድ የሚለቀቀው አዮዲን በሶዲየም ታዮሰልፌት ይለካል፣ ለድንግል ዘይት ጣሪያው በኪሎ 15 ሚሊኢኩቫለንት ነው። ሆኖም ፐርኦክሳይድ ውሎ አድሮ ስለሚፈርስ በጣም ያረጀ ዘይት ዝቅተኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ ከፍርሰቱ የሚገኙትን ውህዶች የሚለካው የአኒሲዲን ፍተሻ ይታከልበታል።